ጣና ዳር ወይን ከመተከሉ በፊት የዝናቡ ነገር ይታይ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምጽፈው ከባሕር ዳር ነው። ሥራዬ ችግኝ ማፍላት ነው። ማንጎ፣ አቮካዶ፣ ቡና፣ ጌሾ፣ ሎሚ አፈላለሁ፣ እሸጣለሁ። በቅርቡ ስለ ጣና ዳርቻና ስለ ወይን እርሻ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤዋለሁ። እኔ ብቻ አይደለሁም፣ ደንበኞቼም አንብበውታል። ከዚያ ወዲህ "የወይን ችግኝ አለህ?" የሚለኝ ሰው በዝቷል።

ጽሑፉ የሚለው ባጭሩ ይሄ ነው። ጣና ሐይቅ አለው፣ ፀሐይ አለው፣ ከፍታ አለው፣ አፈሩ ከእሳተ ገሞራ የመጣ ነው። የካሊፎርኒያ የወይን ወረዳዎችም እንዲሁ ናቸው። ስለዚህ እንትከል። የጻፈው ሰው ለአገሩ አስቦ እንደጻፈ አልጠራጠርም። ግን አንድ ትልቅ ነገር ዘሏል። ዝናቡ መቼ እንደሚዘንብ አልነገረንም።

ነገሩን ቀላል አድርጌ ያላየሁት በምክንያት ነው። ከዘጌ አንድ አባት መጥተው ነበር። ቡናቸው አርጅቷል፣ ዋጋውም አላስደሰታቸውም። "ልጄ፣ ቡናውን ነቅዬ ወይን ብተክልስ? ካሊፎርኒያ በዚህ ነው አሉ ያለፈላት" አሉኝ። "አባቴ፣ እስቲ ትንሽ ይታገሡ፣ እኔም ላጣራ" ብዬ ሸኘኋቸው። ቡና አንዴ ከተነቀለ በዓመት በሁለት ዓመት አይመለስም። ለዚህ ነው ዝም ማለት ያልቻልኩት።

መጀመሪያ ካሊፎርኒያ የሚባለው ይጥራ። ካሊፎርኒያ አንድ ቦታ አይደለም። ስሙ የገነነው ናፓ ሸለቆ ርዝመቱ 48 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ሰፋ በሚልበት ቦታ ደግሞ 8 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። በምዕራብ የማያካማስ ተራሮች፣ በምሥራቅ የቫካ ተራሮች አቅፈውታል። ደቡቡ ወደ ሳን ፓብሎ የባሕር ወሽመጥ ክፍት ነው። የፓስፊክ ቀዝቃዛ አየርና ጭጋግ የሚገባው በዚያ በር ነው። ስለዚህ ናፓ ውስጥ ወደ ሰሜን በሄድክ ቁጥር ይሞቃል። ደቡብ ጫፍ ያለው ካርኔሮስ ቀዝቃዛ ነው፣ ሰሜን ጫፍ ያለው ካሊስቶጋ በእነሱ በጋ፣ ማለትም በእኛ ክረምት፣ ቀኑ ያቃጥላል። በአንድ ሸለቆ፣ በመኪና አንድ ሰዓት በማይሞላ መንገድ!

ይሄ ሁሉ የሚመጣው ከባሕሩ ነው። የካሊፎርኒያ ጠረፍ ውሃ በበጋም ቀዝቃዛ ነው። ነፋሱ የላይኛውን ውሃ ከጠረፉ እየገፋ ሲያርቀው፣ ከጥልቁ ቀዝቃዛ ውሃ እየወጣ ይተካዋል። እርጥብ አየር በዚያ ቀዝቃዛ ውሃ ላይ ሲያልፍ ጭጋግ ይሆናል። ወዲያ መሀል አገር ያለው ሰፊ ሸለቆ ደግሞ በፀሐይ ይግላል፣ የጋለው አየር ወደ ላይ ይነሣል፣ ቦታውን ለመሙላት የባሕሩ አየር በተራሮቹ ክፍተት እየተሳበ ይገባል። ወይኑ ሌሊቱንና ማለዳውን በቅዝቃዜ ያሳልፋል፣ ረፋዱ ላይ ጭጋጉ ይገፈፋል፣ ከሰዓት በኋላ ሙሉ ፀሐይ ያገኛል። ጣና ይህን ሊሠራልን አይችልም። ሐይቃችን ነፋስ አለው፣ ከሰዓት በኋላ ከውሃው ወደ የብሱ ሲነፍስ ባሕር ዳር የሚኖር ሁሉ ያውቀዋል፤ ግን ከቀዝቃዛ ውቅያኖስ የሚነሣ ጭጋግ ሌላ ነገር ነው።

ከእኛ ጋር ይነጻጸር ከተባለ የሚቀርበው ናፓ አይደለም። ጎረቤቱ ሌክ ካውንቲ የሚባለው ወረዳ ነው። ከናፓ ወደ ሰሜን፣ 1,323 ሜትር ከፍታ ያለውን የሴንት ሄለና ተራራ አልፎ ይገኛል። እዚያ ክሊር ሌክ የሚባል ሐይቅ አለ። ሙሉ በሙሉ ካሊፎርኒያ ውስጥ ካሉት የተፈጥሮ የጣፋጭ ውሃ ሐይቆች በስፋት አንደኛው እሱ ነው፣ 180 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ። ጣና ከ3 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ በስፋት አይገናኙም። በጥልቀት ግን ወንድማማች ናቸው። ሁለቱም በአማካይ 8 ሜትር አካባቢ ናቸው። ጣና ጥልቅ ነው በሚባልበት ቦታ 14 ሜትር ገደማ ነው፣ ክሊር ሌክ 18። ጣና ከእሳተ ገሞራ የፈሰሰ ድንጋይ የዓባይን መውጫ ዘግቶት የተጠራቀመ ነው። ክሊር ሌክ አጠገብም ኮኖክቲ የሚባል 1,312 ሜትር ከፍታ ያለው እሳተ ገሞራ ቆሟል።

የክሊር ሌክ የውሃ ገጽ ከባሕር ጠለል በላይ 404 ሜትር ላይ ነው፣ የእኛ ወደ 1,786 ሜትር። የውቅያኖሱ ጭጋግ እዚያ ድረስ እምብዛም አይደርስም። ቀኑ በበጋ ከ30 ዲግሪ በላይ ይወጣል፣ ሌሊቱ ግን ወደ 10 እና 15 ይወርዳል። ወይን ይህን ይወዳል። ቀን ስኳሩን ይሠራል፣ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ኮምጣጣነቱን ይዞ ይቆያል። እዚህ ላይ ለጽሑፋችሁ ፍርድ ልስጥ። ባሕር ዳርም በጥር ቀኑ 26 እና 27 ዲግሪ ሆኖ ሌሊቱ 8 አካባቢ ይወርዳል። የቀንና የሌሊት ልዩነቱ አለን። በዚህ ጸሐፊው ትክክል ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

ክሊር ሌክ ዙሪያ በዓመት ከ600 እስከ 800 ሚሊ ሜትር ያህል ይዘንባል። ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ሚያዝያ ነው የሚዘንበው፣ ያውም በብርዱ ጊዜ። ሰኔ፣ ሐምሌ፣ ነሐሴ ጠብ አይልም ማለት ይቻላል። የወይኑን ዓመት ከዚህ ጋር ገጥማችሁ እዩት። ኅዳር ላይ ቅጠሉ ይረግፋል። ብርዱንና ዝናቡን ተኝቶ ያሳልፋል። ጥርና የካቲት ይገረዛል። መጋቢት ላይ ያጎነቁላል። ግንቦት ማለቂያ ላይ ያብባል። ከሐምሌ አጋማሽ ጀምሮ ፍሬው ቀለም ይለውጣል። ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ጥቅምት ይለቀማል። ማለትም ዝናቡ የሚመጣው ተክሉ ሲተኛ ነው፣ ሲነቃ መሬቱ ጠግቦ ይጠብቀዋል፣ ፍሬ ሲይዝ ሰማዩ ይደርቃል፣ ገበሬው ከዚያ በኋላ ውሃ በጠብታ መስኖ እየለካ ነው የሚሰጠው። ካሊፎርኒያን የወይን አገር ያደረጋት ከሁሉ በላይ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። ፀሐይማ የትም አለ።

ባሕር ዳር በዓመት 1,400 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይዘንባል። የዚያ እጥፍ ገደማ ነው። ከዚህ ውስጥ ግማሹ ያህል በሐምሌና በነሐሴ ብቻ ይወርዳል። እነሱ ጋ ፍሬው ቀለም በሚይዝበት ሰሞን እኛ ጋ ጓሮው ውሃ ይቆማል። ቅጠሉ እርጥብ ሆኖ ይውላል፣ እርጥብ ሆኖ ያድራል። በቅጠሉ ጀርባ ነጭ ሻጋታ ይወጣል፣ ቅጠሉ ይቃጠላል፣ ዘለላው ይበሰብሳል። መብሰል የጀመረ ፍሬ ውሃ ሲበዛበት ይፈነዳል። በክረምት ቲማቲም ያመረተ የመራዊ ወይም የሐሙሲት ገበሬ ይህን እኔ ልነግረው አያስፈልግም። መድኃኒት መርጨት ይቻላል። ግን በየስንት ቀኑ? ዝናቡ ያጥበዋል፣ ደግሞ ትረጫለህ፣ ያም ታጥቦ የሚሄደው ወደ ጣና ነው።

ሁለተኛው ነገር እንቅልፉ ነው። ክሊር ሌክ ያለው በ39ኛው ዲግሪ ላይ ነው፣ እኛ በ11 ተኩል አካባቢ። እነሱ ጋ በበጋ ረጅሙ ቀን ወደ 15 ሰዓት ይደርሳል፣ በብርድ ጊዜ አጭሩ ከ10 ሰዓት በታች ነው። እኛ ጋ ዓመቱን ሙሉ ከ11 ሰዓት ተኩል እስከ 13 ሰዓት ባልሞላ መካከል ነው። ብርዱም ቀኑም "ተኛ" የሚለው ስለሌለ የእኛ ወይን አይተኛም። ሁልጊዜ አረንጓዴ ነው። አንዱ ቅርንጫፍ ያብባል፣ ሌላው ያፈራል፣ ሌላው ቅጠል ብቻ ነው። ሰው በመግረዝና ውሃ በመከልከል ካላስተኛው በስተቀር አንድ ላይ አይደርስም። በርግጥ የእነሱ ብርድም ጣጣ አለው፤ በመጋቢትና በሚያዝያ ውርጭ ወድቆ ለጋውን ቀንበጥ ስለሚያቃጥለው ትልልቅ ማራገቢያ ተክለው፣ ውሃ እየረጩ ሌሊቱን ሙሉ ይዋጋሉ። ደረቁ በጋም ዋጋ ያስከፍላል። በ2015 እ.ኤ.አ. የተነሣው የቫሊ እሳት ሌክ ካውንቲ ውስጥ ከተማና ደን በልቷል። ጭስ የጠጣ ወይን ደግሞ ጠጁም ጭስ ጭስ ይላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሙቀት ላይ ብቻ ስለሚያተኩር ይመስለኛል። ዴቪስ ያለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አመሪንና ዊንክለር በ1944 እ.ኤ.አ. አንድ መለኪያ አወጡ። ከኤፕሪል 1 እስከ ኦክቶበር 31 ባለው ጊዜ የየቀኑ አማካይ ሙቀት ከ10 ዲግሪ የሚበልጥበትን ይደምራሉ፣ በድምሩ መሠረት አካባቢዎችን ከ1 እስከ 5 ይመድባሉ። ባሕር ዳርን በዚህ ብትመዝኗት ከሞቃቶቹ ምድቦች ጎራ ትገባለች፣ ያለ ምንም ችግር የወይን አገር ትመስላለች። መለኪያው የተሠራው ግን በጋው ደረቅ ለሆነ አገር ነው። ዝናብን አይቆጥርም። እዚያ መቁጠር አላስፈለገም።

"ዝዋይስ?" የሚል ይኖራል። ደንበኞቼም ብለውኛል። ዝዋይ ሐይቅ ዳር የወይን እርሻ አለ፣ ጠጁም ገበያ ላይ ነው። ግን የዝዋይ ዝናብ በዓመት 700 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፣ የእኛ ግማሽ። አፈሩም አሸዋማ ነው፣ ውሃ አይዝም። ዝዋይን ያዋጣው ሐይቅ ዳር መሆኑ ብቻ አይደለም።

ስለ አፈር ደግሞ ትንሽ። ክሊር ሌክ ዳር ሁሉ አንድ አይደለም፣ ይህን ነው በጣም የወደድኩላቸው። በስተ ደቡብ ምዕራብ ሬድ ሂልስ የሚባለው ኮረብታ ቀይ የእሳተ ገሞራ አፈር ነው፣ ውስጡ ባልጩት ሞልቶበታል፣ ውሃ ወዲያው ያሳልፋል፣ ካበርኔ ሶቪኞን የሚባለው ጥቁር ወይን እዚያ ይስማማዋል። ከሥሩ ያለው ቢግ ቫሊ ግን ሜዳ ነው፣ አፈሩ ከባድ ነው፣ የፒር ፍሬ ሲመረትበት የኖረ ነው። አሜሪካ መጠጥ በሕግ በከለከለችበት ከ1920 እስከ 1933 እ.ኤ.አ. ባለው ዘመን ወረዳው ወይኑን ነቅሎ ፒርና ዋልነት ተክሎ ነበር፤ ወይኑ በደህና የተመለሰው ከ1960ዎቹ ወዲህ ነው። ልብ በሉ፣ አንድ ጊዜ የተነቀለ ነገር ለመመለስ የሰው ዕድሜ ወሰደ።

ሐይቁ ዙሪያ በ1984 እ.ኤ.አ. ክሊር ሌክ በሚል ስም በመንግሥት የታወቀ የወይን ወረዳ ሆነ። አልበቃቸውም። ሬድ ሂልስ በ2004፣ ሃይ ቫሊ በ2005፣ ቢግ ቫሊና ኬልሲ ቤንች በ2013 እ.ኤ.አ. ለየራሳቸው ተከለሉ። ይህን ለማስፈቀድ "አፈራችን ጥሩ ነው" ማለት አይበቃም። የዝናቡን፣ የሙቀቱን፣ የነፋሱን፣ የከፍታውን፣ የአፈሩን መረጃ ይዞ ከጎረቤቱ በምን እንደሚለይ ማሳየት ያስፈልጋል። አንድ ሐይቅ ነው፣ ስንት ዳርቻ! እኛ ደግሞ "የጣና ዳርቻ" ብለን በአንድ ቃል እንጨርሰዋለን። ፎገራ ሜዳው ዋልካ ነው፣ ክረምት ውሃ ይተኛበታል፣ ለዚህ ነው ሩዝ የሆነለት። ወይን እዚያ ሥሩ ይታፈናል። ዘጌ ጫካ ነው። ጎርጎራ ከባሕር ዳር ይልቅ ዝናቡ አነስ ይላል። ደቅ ደሴት ሌላ፣ ቁንዝላ ሌላ። ወይን ይሞከር ቢባል እንኳ ዝናብ ባነሰበት በሰሜኑ በኩል፣ ተዳፋት በሆነ ቀይ አፈር ላይ መጀመር ይሻላል እንጂ ዘጌ ላይ አይደለም።

መሞከር አይቻልም አልልም። ወይን ለእኛ እንግዳ አይደለም፣ ለቁርባን ዘቢብ ስንጠቀም የኖርን ሰዎች ነን። ጓሮ ውስጥ ዳስ ሠርቶ አንድ ሁለት ሐረግ ማውጣት ጥሩ ነው፣ ጥላም ይሆናል። ለገበያ ከሆነ መንገዱ ክረምቱ ሲወጣ፣ መስከረም መጨረሻ ላይ ገርዞ፣ ፍሬውን በበጋ አሳድጎ፣ የካቲትና መጋቢት ላይ መልቀም ነው። ያኔ ሰማዩ ደረቅ ነው፣ ሌሊቱም ይቀዘቅዛል። ነገር ግን ወይኑ ውሃ የሚፈልገው በትክክል ሐይቁ በሚጎድልበት ጊዜ ነው። የሐይቁን መውጫ የሚቆጣጠረው የጨረጨራ ግድብ አለ፣ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ የጣና በለስ ኃይል ማመንጫም ከዚሁ ሐይቅ ይወስዳል፣ መስኖውም በየወንዙ በዝቷል። በ1995 ዓ.ም. ሐይቁ እጅግ ወርዶ የመርከብ ጉዞ ለወራት መቆሙን የሚያስታውስ አለ። ስለዚህ ጥያቄው "ወይን ይበቅላል?" አይደለም። "ውሃው ከማን ተወስዶ?" ነው።

ከክሊር ሌክ ሌላም የምንማረው አለ፣ ጽሑፋችሁ ግን አላነሣውም። ያ ሐይቅ በበጋ አረንጓዴ አልጌ ይለብሳል፣ ይሸታል፣ አንዳንዴም መርዝ ይሆናል። ዋናው ምክንያት ከእርሻውና ከየመንገዱ ታጥቦ የሚገባው አፈር የሚያመጣው፣ አልጌውን የሚመግበው ፎስፈረስ ነው። ያንን ያጣራ የነበረው ረግረግ ደግሞ ለእርሻ ደርቋል። በ1994 እ.ኤ.አ. ሃይድሪላ የሚባል መጤ አረም ተገኝቶበት መንግሥት ለዓመታት ሲያጠፋው ኖሯል። ከዚያ ሐይቅ በቀር ሌላ ቦታ የማይገኝ ክሊር ሌክ ሂች የሚባል ዓሣ አላቸው፣ በጸደይ ወደ ወንዞቹ ወጥቶ ነው እንቁላሉን የሚጥለው፣ ወንዞቹ ቶሎ ስለሚደርቁ በ2014 እ.ኤ.አ. ለመጥፋት ከተቃረቡት ተመዝግቧል። ይህን ሳነብ ሆዴ ነው የባባው። የእኛ እምቦጭ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ምን እንዳደረገን እናውቃለን። የጣና ብርቅዬ ዓሦችም ክረምት ሲገባ ወደ ጉማራና ወደ ርብ ወጥተው ነው የሚራቡት። ደንገሉ እየተመነጠረ፣ ረግረጉ እየታረሰ ነው። የወይን መስመር ደግሞ በመሀሉ ባዶ መሬት ይተዋል፣ ተዳፋት ላይ ከሆነ ክረምቱ አፈሩን ይዞት ይወርዳል።

ዘጌ ላይ ለምን እንዲህ እንደምሟገት አሁን የተረዳችሁኝ ይመስለኛል። ዘጌ በሬ የማይጠመድበት፣ ቡናው በጫካ ጥላ ሥር የኖረ አገር ነው። ያ ጫካ አፈሩን ይዞታል። ቡናው ካረጀ መጎንደል አለ፣ ችግኝ መተካት አለ። ዋጋው ካነሰ ዘጌ የሚለው ስም በሕግ ተመዝግቦ በስሙ የሚሸጥበት መንገድ ይፈለግ። ይርጋጨፌና ሐረር በንግድ ምልክትነት ውጭ አገር ተመዝግበዋል፣ መንገዱ ያልተሄደበት አይደለም። ክሊር ሌኮች ያደረጉትም ይሄንኑ ነው፣ ያላቸውን ለክተው፣ ከልለው፣ በስሙ ሸጡት።

የምጠይቃችሁ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ በሚቀጥለው እትም የባሕር ዳርን፣ የዘጌን፣ የወረታን፣ የጎርጎራን የየወሩን ዝናብና ሙቀት በሠንጠረዥ አውጡልን። መረጃው የሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች ዘንድ አለ፣ እኛ ችግኝ አፍይዎች ስንጠይቅ "ነገ ተመለስ" ነው የሚሉን፣ ለጋዜጣ ግን እምቢ የሚሉ አይመስለኝም። ከጎኑ የክሊር ሌክን አስቀምጡት፣ አንባቢ ራሱ ያያል። ሁለተኛ፣ ስለ ወይን የጻፈው ባለሙያ በየትኛው ወር ሊያስለቅመን እንዳሰበ፣ ውሃውንም ከየት ሊያመጣ እንዳሰበ በዚሁ ገጽ ይመልስልን። የመትከያ ጊዜው ሰኔ ነው፣ ሰው ከአሁኑ ጉድጓድ እየቆፈረ ነው፣ መልሱ ከዚያ በፊት ቢወጣ ይጠቅማል።

አክባሪያችሁ፣
ችግኝ አፍይ፣ ከባሕር ዳር